የታመመን እንጠይቃለን፤ በሱስ የተያዘውንስ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በተማሪዎች የንግግር ሰዓት የቀረበ)





የምሥረታ በዓል ሲከበር የተማሪዎች ቍጥር ከምን ተነሥቶ ከምን እንደ ደረሰ፣ ስንቶች ፈተና እንዳለፉና ለከፍተኛ ትምህርት እንደ በቁ ይነገራል። ይህ ተገቢ ነው፤ ልብንም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ስማቸው በመስከረም በመዝገብ ተጽፎ በሰኔ ሲጠራ «አቤት» የማይሉ ልጆች በየዓመቱ መኖራቸውን ሁላችን እናውቃለን። ከነዚህ አንዳንዶቹ የቀሩት ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም፤ ቤታቸው ከብዷቸው ነው። አባት ወይም ታላቅ ወንድም በመጠጥ ወይም በጫት ሱስ ተይዞ የቤቱ ገንዘብና የቤቱ ሰላም አብረው ስለ ጠፉ ነው። ሌሎቹ ደግሞ የቀሩት ራሳቸው በሱስ ተይዘው ነው።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ስለ ሱስ ጎጂነት አይደለም። ስለ ጎጂነቱ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተምረናል፤ በግድግዳ ወረቀት ላይም አንብበናል። እኔ ላነሣ የፈለግሁት ከሱስ ለመውጣት ስለሚታገሉ ሰዎችና ስለ ቤተሰቦቻቸው ነው፤ ይኸውም ጎረቤት፣ ዘመድና የክፍል ጓደኛ የሆንን እኛ ምን ልናደርግላቸው እንደሚገባን ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምናገረው ካነበብሁትና ከታዘብሁት ነው።

አገራችን በአንድ ነገር ትመሰገናለች። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። እገሌ ታሟል ሲባል ጎረቤት ሥራውን አቋርጦ ይሄዳል፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይላል፤ ያለው ብርቱካን ይይዛል፤ የሌለውም ባዶ እጁን ሄዶ ከአልጋው አጠገብ ጥቂት ተቀምጦ ይመለሳል። ሞት ሲደርስ እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ሐዘንተኛው ለብዙ ቀን ብቻውን አያድርም። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚባለውም በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን አንድ በሽታ ከዚህ መልካም ሥርዓት ውጭ ሆኖ ቀርቷል። ሱስ የገባበትን ቤት በር የሚያንኳኳ የለም። አባወራው በመጠጥ ምክንያት ከሥራ ሲወጣ፣ እናት የአንገቷን ወርቅ ሸጣ የቤት ኪራይ ስትከፍል፣ ልጆች በሌሊት ጩኸት ሲነቁ ጎረቤት በግድግዳው በኩል ይሰማል፤ ጧት ግን «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ያልፋል እንጂ አይጠይቅም። የማይጠይቀው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። አንዱ የሰው ገበና እንዳይነካ ብሎ ነው፤ ሌላው ደግሞ «ራሱ ያመጣው ነው» ብሎ ስለሚያምን ነው።

ይህ አስተሳሰብ በቋንቋችን ውስጥ እንኳ ይታያል። ትናንት በሠፈሩ «አንቱ» ሲባሉ የነበሩ ሰው በመጠጥ ከወደቁ በኋላ በሕፃኑም በዐዋቂውም አፍ «አንተ» ይሆናሉ። በስኳር በሽታ የታመሙ ሰው እግራቸው እንኳ ቢቆረጥ አንቱታቸው አይቆረጥም። በሱስ የተያዘ ሰው ግን ከጤናውና ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚያጣው ይህንኑ ክብሩን ነው፤ ክብሩን ያጣ ሰው ደግሞ ለመዳን የሚያተጋው ነገር ያንሰዋል።

ለመሆኑ ሱስ ምንድን ነው? ቀድሞ ብዙ ሰዎች የጠባይ ብልሹነት ነው ይሉ ነበር። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ግን በ1956 እ.ኤ.አ. የመጠጥ ሱስ በሽታ መሆኑን አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ የተደረገውም ምርምር ይህንኑ አጠናክሮታል። በአእምሯችን ውስጥ ደስ ያሰኘንን ነገር እንድናስታውስና እንድንደግመው የሚገፋፋ ክፍል አለ። ርቦን ስንበላ ወይም የናፈቅነውን ሰው ስናገኝ በዚያ ክፍል ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይመነጫል። አልኮል፣ በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲንና በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ይህንኑ ክፍል ከተለመደው አብልጠው ይቀሰቅሱታል። ነገሩ ሲደጋገም አእምሮ ራሱን ከዚያ ጋር ያስተካክላል፤ ሰውየውም ለደስታ ሲል የጀመረውን በኋላ ሐራራውን ለማስታገሥ ሲል ይቀጥላል። ማመዛዘንንና ራስን መግዛትን የሚመራው የፊተኛው የአእምሮ ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ የሚሄድ ስለ ሆነ በእኛ ዕድሜ የተጀመረ ሱስ ሥሩ ይጠልቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥም ሆነ ትምባሆ እንዳይሸጥ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በአገራችን ደግሞ አንዱ ሱስ ሌላውን ይጠራል። ጫት ሲቅም የዋለ ሰው ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሣው «ጨብሲ» ብሎ ወደ መጠጥ ይሄዳል፤ በማግሥቱ የመጠጡን ድካም ለማባረር ተመልሶ ጫት ይገዛል። እንዲህ እያለ ከበርጫ ወደ አረቄ፣ ከአረቄ ወደ በርጫ ሲመላለስ ዓመታት ያልፋሉ። ይህን ሰው «ተው» ብቻ ብሎ መለወጥ፣ የወባ ትኩሳት የያዘውን ሰው «አትንቀጥቀጥ» ብሎ እንደ መቈጣት ነው።

ይህን ስል ሰውየው ኃላፊነት የለበትም ማለቴ አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ በሽታውን አልመረጠም፤ መድኃኒቱን መውሰድና ምግቡን መጠንቀቅ ግን የእሱ ድርሻ ነው። በሱስ የተያዘውም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ለስኳር ሕመምተኛው የሚያስታውሰውና የሚያበረታው ዘመድ ሲኖረው ሱሰኛው ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ ልመለስ። ይህ ችግር የደረሰበት ቤተሰብ በሁለት መንገዶች መካከል ሲዋልል ይታያል። አንደኛው የቍጣ መንገድ ነው። ሰውየውን በዘመድ ፊት ማዋረድ፣ ማስማል፣ «ከአሁን በኋላ ልጄ አይደለህም» ማለት በዚህ ውስጥ ይቈጠራል። ሁለተኛው የመሸፈን መንገድ ነው። ሚስት ለመሥሪያ ቤቱ «አሞታል» ብላ ትደውላለች፤ እናት የልጇን የጫት ዕዳ ከአስቤዛ ገንዘብ ትከፍላለች፤ ልጅ አባቱን ከመንገድ ደግፎ ያስገባና ሰው እንዳያይ በሩን ይዘጋል። ሁለቱም የሚመነጩት ከፍቅር ነው። ነገር ግን ቍጣው ሰውየውን ከቤቱ አርቆ ወደ መጠጥ ቤቱ ያቀርበዋል፤ መሸፈኑም የድርጊቱን ፍሬ እንዳያይ ያደርገዋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡም ይሠራል።

ከሁለቱ የተሻለ ሦስተኛ መንገድ መኖሩ በጥናት ተፈትኗል። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሚለር፣ ሮበርት ማየርስና አንድ ባልደረባቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን ያስረዳል። ጥናቱ የተደረገው በ130 ሰዎች ላይ ነው፤ እያንዳንዳቸው መጠጥ የጎዳውና መታከምን እምቢ ያለ የቅርብ ዘመድ ነበራቸው። እነዚህን ሰዎች በሦስት መደቧቸው። የመጀመሪያዎቹ ከሌሎች ዘመዶች ጋር ሆነው ጠጪውን ፊት ለፊት እንዲጋፈጡት ተዘጋጁ። ሁለተኛዎቹ ጠጪውን ለመለወጥ ከመድከም ይልቅ ራሳቸውን እንዲያጽናኑ ተመከሩ። ሦስተኛዎቹ ደግሞ ሰውየውን በደግነትና በዘዴ እንዲይዙት ተማሩ። በመጨረሻ ሲታይ ወደ ሕክምና የገቡት ጠጪዎች ከመጀመሪያው ክፍል ከመቶ 30፣ ከሁለተኛው ከመቶ 13፣ ከሦስተኛው ግን ከመቶ 64 ሆነው ተገኙ። ሊዘነጋ የማይገባው ሌላም ነገር አለ። በሦስቱም ክፍል ውስጥ የቤተሰቦቹ የራሳቸው ጭንቀት ቀለለ። ይህም የሚያሳየው ጠጪው ቢታከምም ባይታከምም ቤተሰቡ በራሱ ርዳታ እንደሚያስፈልገውና ርዳታውም እንደሚጠቅመው ነው።

ያ «ደግነትና ዘዴ» ምን ነበር? ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሲሠሩት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሰውየው ሳይጠጣ በዋለበት ቀን አብሮ መብላት፣ መጫወትና ደስታን በግልጽ ማሳየት ነው። ጠጥቶ ሲመጣ ደግሞ ሳይጣሉና ሳይሰድቡ ዘወር ማለት ነው። ዕዳውን አለመክፈል፣ ስለ እሱም ሐሰት አለመናገር ነው። ስለ ሕክምና የሚነገርበትን ሰዓት መምረጥም ያስፈልጋል፤ በሰከረበት ሌሊት ሳይሆን በማግሥቱ ተጸጽቶ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት ሰዓት «አብረን እንሂድ» ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በቤት ውስጥ ድብደባ ካለ የእናትና የልጆች ደኅንነት ይቀድማል። ርኅራኄ ማለት ተደብድቦ ዝም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ሲገጥመን «ቻይው» ብለን የምንመክር ከሆነ ርኅሩኆች ሳንሆን የጥፋቱ ተባባሪዎች ነን።

በዚህ ነገር ሌሎች ሕዝቦች የሠሩትን ማወቅ ይጠቅመናል። በ1935 እ.ኤ.አ. ዊልያም ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው ለንግድ ጕዳይ ኦሃዮ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ አክሮን ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ጕዳዩ ሳይሳካለት ቀረና ባረፈበት ሆቴል ውስጥ የመጠጡ ቤት ድምፅ ይጠራው ጀመር። በዚያን ጊዜ ያዳነው አንድ ሐሳብ ነው፤ እንደ እሱ በመጠጥ የተቸገረ ሌላ ሰው አግኝቶ ካላነጋገረ እንደሚወድቅ ገባው። ስልክ እያዞረ ጠየቀና በመጨረሻ ሮበርት ስሚዝ ከሚባል በመጠጥ ከተያዘ ቀዶ ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ 15 ደቂቃ ብቻ እንደሚቆይ ተናግሮ ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ለብዙ ሰዓት ሲነጋገሩ አመሹ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለውና በ180 አገሮች ገደማ የሚገኘው የጠጪዎች መረዳጃ ማኅበር ከዚህ ጭውውት ተወለደ። ሐኪሙ ከዚያ በፊት ብዙ ምክር ሰምቷል። የዚያን ቀን የሰማው ግን የመካሪን ድምፅ ሳይሆን በዚያው መንገድ ያለፈን ሰው ድምፅ ነበር።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ባሎች በስብሰባው ሲረዳዱ ሚስቶቻቸው በወጥ ቤት ወይም በመኪና ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። የዊልሰን ሚስት ሎይስ አንድ ቀን ባሏ ወደ ስብሰባው እንዲቸኵሉ ሲነግራት ድንገት በቍጣ ጫማዋን ወረወረችበት። በኋላ ራሷን መረመረች። ባሏ መጠጥ ትቷል፤ ለዓመታት የለመነችው ነገር ሆኗል፤ ታዲያ ይህ ቍጣ ከየት መጣ? መልሱን አገኘችው። በእነዚያ ዓመታት የታመመው ባሏ ብቻ አልነበረም፤ እሷም ተጎድታ ነበር፤ እሷን ግን የጠየቃት የለም። ስለዚህ በ1951 እ.ኤ.አ. ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር አል-አኖን የሚባለውን የቤተሰቦች መረዳጃ ማኅበር አቋቋመች። በ1957 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ አንድ ወጣት፣ አባቱ በጠጪዎቹ ማኅበር እናቱም በቤተሰቦቹ ማኅበር ሲረዱ አይቶ፣ የጠጪ ልጆች የሚሰበሰቡበትን ክፍል ጀመረ፤ ስሙም አላቲን ተባለ። ውድ ጓደኞቼ፤ ይህን የጀመረው ሚኒስትር ወይም ፕሮፌሰር አይደለም፤ የእኛ እኩያ ነው።

እኛ እንዲህ ያለውን ነገር ከባዶ መጀመር አያስፈልገንም። እድር አለን፤ ማኅበርና ሰንበቴ አለን፤ ጧትና ማታ የምንጠራራበት ቡና አለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለው ተረት ከእኛው ነው። የጎደለው ነገር ሱስን ከሚጠየቁ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ መጻፍ ብቻ ነው።

በዚህ ቦታ ሕይወትን የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ማለፍ አልችልም። አንዳንድ ቤተሰብ ተቸግሮ ጠጪውን ክፍል ውስጥ ይዘጋበታል፤ መጠጥ ካላገኘ ይድናል ብሎ ያስባል። ለብዙ ዓመት በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ግን አደጋ ሊደርስበት ይችላል። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ ልቡ በኀይል ይመታል። በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜም አንዳንዱ ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ትኩሳቱ ይጨምራል፤ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ይህን ያየ ዘመድ ጋኔን ያዘው ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ሐኪም የሚያውቀውና መድኃኒት ያለው ነገር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ማቆም ያለበት በሐኪም እጅ ነው። ጫት ያቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ አደጋ አይደርስበትም፤ ሆኖም ድብርት፣ ቍጡነትና በእንቅልፍ ጊዜ ሕዝቡ ዱካክ የሚለው ቅዠት ያስቸግረዋል። ቤተሰቡ ይህ የሚያልፍ መሆኑን ቢያውቅ ሰውየውን «ሲቅም ይሻል ነበር» ብሎ ወደ ኋላ አይመልሰውም። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በሱስ የተያዙ ሰዎችን ያክማል፤ በሌላ ቦታ ያለም ሰው በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ ይችላል።

ብዙ ወገኖቻችን ወደ ጸበል ይሄዳሉ። ጸሎትና ጸበል ለብዙ ሰው ተስፋና ብርታት ሰጥተዋል፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል የለብንም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ለዚያ በሽታ የተሰጠው ብልህ ምክር ለዚህም መልካም ምሳሌ ነው።

ከሕክምና በኋላስ? ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰውየው ታክሞ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ቢወድቅ «አላልሁህም? የውሻ ጅራት ቢያቀኑት መልሶ ይጎብጣል» ይባላል። እስቲ ቍጥሩን እንመልከት። በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት በወጣ አንድ ጥናት ላይ ሱስ ከሌሎች ረጅም ጊዜ ከሚቆዩ በሽታዎች ጋር ተነጻጽሮ ነበር። ከታከሙ ሱሰኞች ውስጥ ከመቶ ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት ተመልሰው ይወድቃሉ፤ በደም ግፊትና በአስም በሽታ በኩል ግን በሽታው የሚያገረሽባቸው ከመቶ ከ50 እስከ 70 ይደርሳሉ። የደም ግፊቱ የተነሣበትን አባታችንን «አላልሁህም» ብለን አናሳፍረውም፤ ወደ ሐኪሙ እንመልሰዋለን እንጂ። የወደቀውንም ሱሰኛ እንዲሁ ልናደርገው ይገባል። ከወደቀ በኋላ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ሁለተኛውን ብርጭቆ ሊያስጠጣው ወይም ሊያስተወው ይችላል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ሰው ይገባዋል።

ቦታና ባልንጀራም ትልቅ ድርሻ አላቸው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ወታደሮች ከመቶ 20 ያህሉ በዚያ አገር ሳሉ በሄሮይን ተይዘው ነበር። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገራቸው የተመለሱትን ተከታትላ ስትጠይቅ፣ ተይዘው ከነበሩት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና በሱስ የተያዙት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አገኘች። ሰዎቹ ከጦር ሜዳው ርቀው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሥራቸውና ወደ ዘመዶቻቸው ተመልሰዋል። የእኛ ታካሚ ግን ከሆስፒታል ሲወጣ የሚመለሰው ወደዚያው ሠፈር፣ ወደዚያው በርጫ ጓደኛ ነው። ሠፈሩን መለወጥ ባይቻለው እንኳ፣ ከሰዓት በኋላ በዚያ በለመደው ሰዓት የሚጠራው ሌላ ሰውና የሚውልበት ሌላ ሥራ ቢያገኝ ግማሹ ሸክም ይቃለልለታል።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? በበኩሌ አምስት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ አንደበታችንን እንጠብቅ። «የሰካራም ልጅ» የሚለው ስድብ ከግቢያችን ይጥፋ። ይህ ስድብ ምንም ያላጠፋን ልጅ ባልሠራው ነገር የሚቀጣ ነው።

ሁለተኛ፤ እንጠይቅ። ጓደኛችን ሲያረፍድ፣ በክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ፣ ደብተር ሳይኖረው ሲቀር ከመሳቅ ይልቅ የቀረበትን ማስታወሻ እናውሰው፤ ምሳችንን እናካፍለው፤ በቤታችን ቦታ ካለ አብረን እናጥና። ምስጢሩን እንዲነግረን አናስገድደው። አባታችሁ ይጠጣሉ ወይ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ «እንዴት አደርህ?» ብሎ መልሱን ቆሞ መስማት ይበቃል።

ሦስተኛ፤ የነገረንን ምስጢር እንጠብቅ። ነገር ግን ልጁ ወይም እናቱ የሚደበደቡ፣ ወይም ልጁ ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ከሆነ ዝም ማለት ወዳጅነት አይደለም፤ ለምናምነው መምህር ወዲያውኑ መንገር ይገባል።

አራተኛ፤ ማንንም አናስገድድ። በበዓልና በሠርግ «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» እያልን መጠጥ ማቅመስ እንደ ፍቅር ይቈጠራል። መጠጥ ለተወ ሰው ግን ይህች «አንዲት» የወራት ድካሙን የምታፈርስ ናት። ብርዝ ወይም ውሃ የያዘውን ሰው ለምን ብለን አንጠይቀው። እሱ እምቢ ሲል እኛ ደግሞ አንጐትጕት።

አምስተኛ፤ የተመለሰውን እንቀበል። በሱስ ምክንያት ትምህርቱን አቋርጦ ታክሞ የሚመለስ ጓደኛ ቢኖረን ወንበሩን እናስፋለት፤ ያለፈውን አናንሣበት። መመለስ ከመሄድ ይልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

ክቡራን ወላጆች፤ ልጅ ታላላቆቹን ሊመክር አይገባውም፤ ሊለምን ግን ይፈቀድለታል። በየእድራችሁና በየማኅበራችሁ ይህን ነገር እንድታነሡት እለምናለሁ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ታካሚውን በቀጠሮው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚሸኝ አንድ ሰው፣ ሚስቲቱን ለቡና የምትጠራ አንዲት ጎረቤት፣ ከታከመ በኋላ የቀን ሥራም ቢሆን የሚፈልግለት አንድ ዘመድ ካለ ብዙ ነገር ይለወጣል። ሰውየውን አስቀድሞ «አንቱ» ይሉት ከነበረ ደግሞ ታሞም «አንቱ» በሉት። ይህ ከኪስ ምንም የማያስወጣ፣ ነገር ግን የወደቀን ሰው ቀና የሚያደርግ ስጦታ ነው።

ትምህርት ቤታችን ላለፉት ዓመታት ብዙ ነገር አስተምሮናል። የተማርነው ትምህርት የጎረቤታችንን በር ለማንኳኳት ካላበቃን ግን ዕውቀታችን ጎዶሎ ይሆናል። በሚመጣው ሳምንት ከመካከላችን አንዱ እንኳ ሄዶ እንዲህ ያለውን በር ቢያንኳኳ ይህ ንግግር ዋጋውን አግኝቷል።